ጠበል ውስጥ ያደረ ድንጋይ

ደሴ፤ ወለላ የአንገት ጌጥ የምትሠራባት ጠባብ ክፍል፤ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ እናቷ ወይዘሮ ይታይሽ ነጠላቸውን አጥብቀው ይዘው ከሥራ ጠረጴዛዋ ፊት ቆመዋል።

ይታይሽ፦ ዛሬ ነው አልኩሽ፣ ዛሬ ነው! ነገ ካልሽኝ አልፈልገውም።

ወለላ፦ እማዬ፣ ሽቦው ይቆረጣል፣ ድንጋዩ ይጠመጠማል፣ ዶቃው ይደረደራል። ገብተሽ ሳትቀመጪ አድርሺልኝ ትያለሽ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይታይሽ፦ ለሰው ሁሉ ጌጥ፣ ለእናትሽ ተረት!

ወለላ፦ ላንቺ ነው እንዴ?

ይታይሽ፦ ማን? ለእኔ? እኔ ምን ሊያደርግልኝ! ለጓደኛዬ ነው አልኩሽ እኮ። ለማኅበር ጓደኛዬ።

ወለላ፦ ለየትኛዋ?

ይታይሽ፦ አታውቂያትም።

ወለላ፦ ከማኅበራችሁ የማላውቃት አለች? ሁሉም እኮ አዝለው አሳድገውኛል።

ይታይሽ፦ አዲስ ናት። ገና መግባቷ ነው።

ወለላ፦ እሺ። አንገቷ እንዴት ነው?

ይታይሽ፦ ደህና ነው። እንደ... እንደ ሰው አንገት ነው።

ወለላ፦ ዶሮ ናት አላልኩም! በምን ልለካው ብዬ ነው።

ይታይሽ፦ በእኔ ለኪው። እኩል ነን።

ወለላ፦ ቀና በይ እንግዲህ። ሳትስቂ! ስትስቂ አንገትሽ ያጥራል። ዶቃውስ? ለትልቅ ሰው ጥቁር ይሻላል፣ ወይ ቡናማ።

ይታይሽ፦ ጥቁር? ለቅሶ ልትደርሺ ነው? ያ ቀዩ ምንድን ነው?

ወለላ፦ እሱን የሚገዙኝ ኮሌጅ የሚማሩ ልጆች ናቸው።

ይታይሽ፦ ቀዩን አድርጊው። መሀል መሀሉ ላይ ደግሞ ያንን የሚያብረቀርቀውን ጣል ጣል አድርጊበት። አትሰስቺ።

ወለላ፦ ለመሆኑ ጓደኛሽ ዕድሜዋ ስንት ነው?

ይታይሽ፦ እኩያዬ ናት።

ወለላ፦ ሲያረጁ አምባር ይዋጁ!

ይታይሽ፦ ምን አልሽ?

ወለላ፦ ተረት ነው እማዬ።

ይታይሽ፦ ያን ተረት የተረተው ጎረምሳ ነው። ቢያረጅ ኖሮ አፉን ይይዝ ነበር።

ወለላ፦ ሽቦውስ የብር ቀለም ያለው ይሁን ወይስ መዳቡ?

ይታይሽ፦ መዳቡ ይሁን። ለቆዳዬ እሱ ይስማማል።

ወለላ፦ ለማን ቆዳ?

ይታይሽ፦ ለቆዳዋ! ለቆዳዋ ነው ያልኩት።

ወለላ፦ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ይታይሽ፦ ሥራሽን ሥሪ!

ወለላ፦ እሺ፣ ይቺን ጫፍ ያዥልኝ። እንዳትለቂያት። ድንጋዩን የምበሳው እንዳይመስልሽ፤ ከተበሳ ይሰነጠቃል። ሽቦውን ዙሪያውን አዙሬ ነው የማቅፈው። ከላላ ይወድቃል፣ ከጠበቀ ያንቀዋል።

ይታይሽ፦ እንደ ባል ነዋ።

ወለላ፦ ምን?

ይታይሽ፦ ምንም አላልኩ።

ወለላ፦ ጣትሽን ደግሞ ምን አደረግሽው? እማዬ! የምንጠመጥመው ድንጋዩን ነው እንጂ ጣትሽን አይደለም!

ይታይሽ፦ እንዴት እንደሚሆን ልየው ብዬ ነው። ቀለበት አይመስልም?

ወለላ፦ አንቺ ዛሬ ምን ነክቶሻል? አውልቂው፤ ቀስ ብለሽ፣ አታጣጥፊው። ሽቦ አንዴ ነው የሚታጠፈው። ሁለተኛ ከመለስሽው ይሰበራል።

ይታይሽ፦ ሽቦ ስለሆነ ነው። ሰው ሁለተኛ ቢሞክር አይሰበርም።

ወለላ፦ ሆ! ይህን ነገርሽን ሳልወደው አልቀርም። በይ ድንጋዩን አምጪው።

ይታይሽ፦ ድንጋዩን... እንዳትስቂ።

ወለላ፦ በድንጋይ ምን ያስቃል?

ይታይሽ፦ ማይልኝ።

ወለላ፦ ደግሞ ከነጠላሽ ጫፍ ቋጥረሽዋል። ፍቺው፣ እኔ ልፍታው... ኧረ እማዬ! ይሄ እኮ የጠርሙስ ስባሪ ነው። ማን ነው የሰጠሽ?

ይታይሽ፦ ወይኔ! ወይኔ ልጄ! አለቀልኝ። አንቺም ጠርሙስ ነው አልሽ!

ወለላ፦ አታልቅሺ! ምን ያስለቅሳል?

ይታይሽ፦ ትናንት እኮ እንዲህ አልነበረም። ትናንት ኦፓል ነበር፣ የደላንታ ኦፓል! እሳት ነበረበት። እንዲህ ሳዞረው አረንጓዴ፣ እንዲህ ሳዞረው ቀይ። ሽሮዬ እስኪያርብኝ ድረስ ሳዞረው ነው የዋልኩት።

ወለላ፦ የት አስቀመጥሽው?

ይታይሽ፦ ትራሴ ሥር።

ወለላ፦ ከዚያስ?

ይታይሽ፦ ከዚያማ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት፣ ይባረክልኝም ብዬ፣ ከጠበሉ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩት።

ወለላ፦ ጠበል ውስጥ?

ይታይሽ፦ አዎ፣ ጠበል ውስጥ አደረ። ጠዋት ባወጣው እሳቱ የለም! ጠበሉ አጋለጠው፣ ወለላ። ወይ ሰውየው ውሸታም ነው፣ ወይ ደግሞ አባትሽ ከላይ ሆኖ ነገሩን አልወደደውም።

ወለላ፦ ሰውየው?

ይታይሽ፦ ሴትዮዋ።

ወለላ፦ እማዬ፣ የማኅበር ጓደኛሽ ጢም አላት?

ይታይሽ፦ ትንሽ። እሱም ሸብቷል።

ወለላ፦ ማን ነው?

ይታይሽ፦ አትጩኺ፣ ጎረቤት ይሰማል።

ወለላ፦ ማን ነው!

ይታይሽ፦ ይመር።

ወለላ፦ የቱ ይመር? ጋሽ ይመር? የእድሩ? ጡሩምባ ነፊው?

ይታይሽ፦ ጡሩምባውን የሚነፋው እድሩን ለማገልገል ነው። ሙያው ግንበኝነት ነው።

ወለላ፦ ሰው በሞተ ቁጥር ሰፈሩን የሚያስደነግጠው ሰውዬ! ልጆች እኮ መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላም አይሉትም፣ «ዛሬ ማን ሞተ?» ነው የሚሉት።

ይታይሽ፦ እኔም እንደዚያው አልኩት። እሁድ ደጄ ላይ ቆሞ ሳየው ደንግጬ «ማን ሞተ?» አልኩት። «ማንም አልሞተም፣ እርስዎን ለማየት ነው» አለኝ። ሰውዬው እንዲህ ያለ ነገር ሲያውጅ ሰምቼ ስለማላውቅ ሳቄ አመለጠኝ።

ወለላ፦ ድንጋዩን ያመጣልሽ እሱ ነዋ?

ይታይሽ፦ የእህቱ ልጅ ደላንታ ኦፓል ይቆፍራል። ከእሱ ለምኖ አምጥቶ «ልጅዎ ባለሙያ ናት፣ ትሥራልዎት» አለኝ። አሁን ምን ልለው ነው? ጠበል አጋለጠህ ልበለው?

ወለላ፦ ጠበሉ ካጋለጠውማ...

ይታይሽ፦ ካጋለጠውማ ምን?

ወለላ፦ እንጃ። ቢቀርስ?

ይታይሽ፦ ይቅር ትያለሽ?

ወለላ፦ እማዬ፣ አንቺ እኮ ገና አሁን ነው ያረፍሽው። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጤነኛ ሳለ እንኳ ውሃ በገዛ እጁ ቀድቶ ጠጥቶ አያውቅም። ሲታመም ደግሞ እንቅልፍ ምን እንደሆነ ረሳሽ። አሁን ሌላ ሰው ተቀምጦ «አምጪ፣ ውሰጂ» ሊልሽ? ጡሩምባው አይደለም ያስፈራኝ። እሱ ነው ያስፈራኝ።

ይታይሽ፦ እውነትሽን ነው።

ወለላ፦ ተቀየምሽኝ?

ይታይሽ፦ ምን ያስቀይመኛል? ጠበሉም ይህንኑ ሊነግረኝ ይሆናል። እሺ፣ ድንጋዩን እመልስለታለሁ።

ወለላ፦ ከዚያስ?

ይታይሽ፦ ከዚያማ እንደ ድሮዬ እኖራለሁ። ጡሩምባው ሲነፋ ብቻ ትንሽ ሳያስቸግረኝ አይቀርም።

ወለላ፦ እንዴት?

ይታይሽ፦ ለማንም እንዳትናገሪ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። ጡሩምባው ሲነፋ ሰው ሁሉ «ወይኔ፣ ማን ሞተ?» ብሎ ይደነግጣል። እኔ ፀጉሬን አበጥራለሁ።

ወለላ፦ እማዬ!

ይታይሽ፦ ምን ላድርግ! «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ሲል ደጄ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። የሟቹን ስም ጥርት አድርጌ ሰምቼ እንደገና እንዲለው «ማን አልክ?» እለዋለሁ። ባለፈው ሰሞን ሰፈሩ ሰላም ሆኖ ሲከርም ከፋኝ እኮ! ሰው ሁሉ ተመስገን ሲል እኔ ቀሚስ ቀይሬ ተቀምጬ!

ወለላ፦ አቁሚ! ሆዴን! ፒንሳዬን ጣልኩት!

ይታይሽ፦ አትሳቂ፣ ኀጢአት ነው። ለንስሐ አባቴ ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ።

ወለላ፦ ምን አሉሽ?

ይታይሽ፦ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወለላ፦ ወይ እማዬ! ነይ እስቲ እዚህ፣ ተቀመጪ። እንባሽን ጥረጊ። ልዋሽሽ አልችልም። ድንጋዩ እውነተኛ ነው።

ይታይሽ፦ ልታጽናኚኝ ነው።

ወለላ፦ ሙች ስልሽ! የደላንታ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውሃ ሲጠግብ እሳቱ ይጠፋል፣ ልክ እንደ ጠርሙስ ይሆናል። ጥጥ ላይ አድርገን ጥላ ውስጥ ካቆየነው ቀስ እያለ ይደርቅና ቀለሙ ይመለሳል። ጌጡን ሳያወልቁ ገላቸውን ታጥበው «ወለላ፣ አታለልሽን» እያሉ የሚመጡብኝ ደንበኞች ስንት ናቸው መሰለሽ።

ይታይሽ፦ ጠጥቶ ነው?

ወለላ፦ ጠጥቶ ነው።

ይታይሽ፦ ውሃ ብቻ?

ወለላ፦ ውሃ ብቻ። ያውም ጠበል።

ይታይሽ፦ እልልልል! እኔ ደግሞ አባትሽን ስጠረጥር! ይቅር በለኝ፣ የኔ ጌታ፣ አንተ ምን አደረግህ! እልልልል!

ወለላ፦ አትዝለይ! ጠረጴዛውን! ዶቃውን! ደፋሽው... ደፋሽው እማዬ።

ይታይሽ፦ እለቅመዋለሁ፣ እለቅመዋለሁ። ለእኔ ተይው።

ወለላ፦ ግቢ እንግዲህ ጠረጴዛ ሥር፣ ሙሽሪት።

ይታይሽ፦ ሙሽሪት አልሽኝ?

ወለላ፦ አምልጦኝ ነው። እሺ አላልኩም። ስለ ድንጋዩ እውነቱን ነገርኩሽ፣ ስለ ሰውየው ግን የፈራሁት እንዳለ ነው።

ይታይሽ፦ አንቺ እሺ ካላልሽማ አይሆንም። አባት የለኝ፣ ወንድም የለኝ። ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁት አንቺን ነው።

ወለላ፦ እኔን? ልጅ እናቷን ልትድር?

ይታይሽ፦ ማን አለኝ ታዲያ? ይኸው አንዷ እግርሽ ሥር ናት። አንሺልኝ።

ወለላ፦ እንግዲያውስ ወጉን ጠብቄ ነው። ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን «እሺ» አይባልም። «እንመካከርበት፣ ተመልሳችሁ ኑ» እላቸዋለሁ። ለሦስት ወር እቀጥራቸዋለሁ።

ይታይሽ፦ ሦስት ወር! በሦስት ወር ውስጥ እኮ ጡሩምባው ለእኔ ሊነፋ ይችላል!

ወለላ፦ እሺ፣ አንድ ወር።

ይታይሽ፦ ያንቺን ሽማግሌዎች አባትሽ ሲመላልሳቸው ጓዳ ገብቶ ሲያለቅስ የነበረው ማን ነው? ጎረቤት የታመመች መስሎት ሲጠይቅ የነበረው?

ወለላ፦ እሱን አታንሺ! በቃ፣ ሁለት ሳምንት። ከዚያ አልወርድም። ሰውየውን ላጣራ።

ይታይሽ፦ ምኑን ታጣሪዋለሽ? ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ወለላ፦ ደጅማ ሁሉም ጨዋ ነው። ማጣራት የምፈልገው ቤት ሲገባ ነው። ወንበር ስቦ እግሩን የሚዘረጋ ከሆነ፣ እማዬ፣ ብትቀየሚኝም አላደርገውም።

ይታይሽ፦ እሱስ ልክ ነሽ።

ወለላ፦ ለመሆኑ መቼ ነው የሚመጡት?

ይታይሽ፦ እነማን?

ወለላ፦ ሽማግሌዎቹ ናቸዋ!

ይታይሽ፦ እነሱማ... መጥተዋል።

ወለላ፦ የት?

ይታይሽ፦ ቤት። የተባባልነው ከሰዓት ነበር፣ ቸኩለው ከች አሉ። እኔ ድንጋዩን ከጠርሙሱ አውጥቼ ክው ብዬ ቆሜያለሁ፣ በሩ ተንኳኳ። «ልጄን ጠርቼ ልምጣ» ብዬ ሮጥኩ።

ወለላ፦ አንቺ ሴትዮ! ሽማግሌ ባዶ ቤት ጥለሽ ዶቃ ታስመርጪኛለሽ? አገር ምን ይለናል? ምሳ እንኳ ሳይቀርብላቸው!

ይታይሽ፦ ቤቱም ባዶ አይደለም፣ ምሳም እየቀረበ ነው።

ወለላ፦ ማን ነው የሚያቀርበው?

ይታይሽ፦ ይመር።

ወለላ፦ ራሱ? ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ ይመጣል እንዴ? የት አገር ወግ ነው?

ይታይሽ፦ እኔም እንደዚያው አልኩት። «እርስዎ ላይ ሥራ እንዳይበዛ ብዬ ነው» ብሎኝ በቀጥታ ጓዳ ገባ። ሽርጤን አስሮ ወጥ እያወጣ ነው ትቼው የመጣሁት።