ቬርዴልን አናጣድፋትም

የተከበሩ ፓስተራችን፣ የመዘምራን እህቶቼ፣ የኮርኒጌይ ቤተሰብ፣ ከሩቅ ከተማ የመጣችሁም ከአጥሩ ማዶ የመጣችሁም፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ኦሊታ ነኝ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለሁት። ቬርዴል ጎረቤቴም ጓደኛዬም ነበረች። መዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን ነው ያረጀነው። እሷ ድምጿን ከፍ ስታደርግ እኔ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ፓስተሩ ግን ሁለታችሁም ቀንሱ ይሉን ነበር።

ንግግር አልችልም። ይሄን ቬርዴልም ታውቃለች። ሆስፒታል ተኝታ፣ ኦክስጅኑ አፍንጫዋ ላይ እንዳለ፣ "ኦሊታ፣ አንቺ መናገር አትችይበትም፤ መናደድ ግን ትችይበታለሽ። ለቀብሬ እሱ ይበቃኛል" አለችኝ። ከዚያ እጄን ያዘችና አንድ ነገር ለመነችኝ። "አታጣድፉኝ" አለች። "እንደ ኤሊስ አታድርጉኝ።"

ኤሊስን፣ ባሏን፣ ስንቀብር የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ይኸው እዚህ ነው፣ ከጎኗ፣ ሣር የለበሰው። መዘምራኑ ሁለተኛውን አንቀጽ ስንጀምር ከጥዶቹ ወዲያ ያ የአሳማ እርባታው ፓምፕ ተነሳ። የአሳማዎቹ ፍግ የሚጠራቀምበት ኩሬ ሞልቶ፣ ውሃውን እርሻው ላይ መርጨት ጀመሩ። ነፋሱ ወደኛ ነበር። ሽታው ብቻ ቢሆን ምን ነበር፤ ጠብታው የሴቶቹ ባርኔጣ ላይ አረፈ። መዝሙሩ ሳል ሆነ። ጸሎቱ አጠረ፣ ሳጥኑ ወረደ፣ ሰው አፉን በመሐረብ ይዞ ወደ መኪናው ሄደ። ማንንም አልወቅስም፤ ሕፃናት ይዛችሁ ነበር። ቬርዴል ግን አልሄደችም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ የቀረውን አንቀጽ ለብቻዋ ዘመረችው። የኤሊስን ያህል ሰው፣ የስንቱን ልጅ በትከሻው ያሳደገ ሰው፣ እንደ ሌባ በጥድፊያ ተቀበረ። እሷን ያቃጠላት ይሄ ነው።

በነጋታው የአሳማዎቹ ባለቤት ኩባንያ ለለቅሶ ቤት ምን ላከ? በጭስ የደረቀ የአሳማ ታፋ። ሪባን የታሰረለት። በኛ አገር ለሐዘንተኛ ምግብ ይዞ መሄድ ወግ ነው፤ እኔም የስኳር ድንች ኬኬን ይዤ ሄጄ ነበር። ቬርዴል ታፋውን አገላብጣ አየችውና፣ ላመጣው ሰውዬ "ልጄ፣ በረንዳው ላይ አስቀምጥልኝ። ዘመዶቹ ሁሉ ውጭ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ብቻውን ይከፋዋል" አለችው። ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው። ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም።

ለምን ሸጣ አልሄደችም የምትሉ አላችሁ። የት ትሂድ? ይሄን መሬት አያቷ ከባርነት ወጥቶ በላቡ የገዛው ነው። ልጇ ከተማ ሊወስዳት በመጣ ጊዜ "ቤቱንስ ልሽጠው፤ እነዚህን በምን ጭኜ ልሂድ?" ብላ ወደዚህ ወደ መቃብሩ አሳየችው።

መቆየትስ መኖር ነበር? በኛ አገር የሐምሌ ሙቀት መስኮት ዘግቶ መቀመጥ መኖር ነው? በየበጋው ጓሮዋ ውስጥ፣ ከፒካን ዛፉ ሥር፣ ጠረጴዛ ተቀጣጥሎ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ይበላ ነበር። ቀረ። የልጅ ልጆቿ "አያቴ ቤት ይሸታል" ብለው መምጣት ተዉ። ልጆች ነበራችሁ፣ አፍንጫችሁ ያላችሁን ነው የተናገራችሁት፤ አልተቀየመቻችሁም። መጋረጃዋን ግን እናንተ ትመጣላችሁ እያለች አጥባ አጥባ ጨረሰችው።

ዋይሎን፣ ከኋላ ቆመሃል፤ አይቼሃለሁ። ቀረብ በል። ይሄ አሳማዎቹን የሚያረባው ሰው ነው። አሳማው የኩባንያው፣ ፍጉ የእሱ። ልጅ ሳለ አጥር ዘሎ የቬርዴልን ኮክ ይጨርስባት ነበር። አንድ ቀን በሯ ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን እያሻሸ፣ "እማማ ቬርዴል፣ ኩሬው ሞልቷል። ካልረጨሁት በዝናብ ይደረመስና ሁላችንም አለቀልን" አላት።

"አትርጭ ብልህስ መች ትሰማኛለህ" አለችው። "ከመርጨትህ በፊት ደውልልኝ። ያሰጣሁትን አንሶላ ላስገባ።"

ደወለላት። እሷም ለኛ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ስልኩን ስናነሳ "ልብስ አስገቡ" ብላ ትዘጋለች። ልብስ አስገቡ ካለች ልብስ ብቻ አይደለም የሚገባው። አስም ያለበት ልጅ ይገባል፣ ግብዣ ያለው ጠረጴዛውን ያነሳል፣ መስኮት ይዘጋል። በዚያ በአንዲት ቃሏ ስንት ልጅ ከሆስፒታል ተረፈ?

ከዚያ ኩባንያው ዋይሎንን ከጎረቤት ጋር አታውራ አለው። ስልኩ ዝም አለ። ቬርዴል ምን አደረገች? ወንበሯን በረንዳው ላይ አወጣችና የመርጫው ቱቦ ሲጎተት ማየት ጀመረች። በዚያ ሽታ ውስጥ፣ እያሳላት፣ ለኛ ለመደወል። ሐኪሙ "ከዚያ በረንዳ ተነስተሽ ቤት ግቢ" ሲላት እኔ አብሬያት ነበርኩ። "እና ማን ሊደውልላቸው?" አለችው። እሱ የገደላት ሳንባዋ ነው ይላል። እኔ በረንዳው ነው እላለሁ፤ የተናደድኩትም ለዚህ ነው። እኛን ስታስገባ እሷ ውጭ ቀረች።

ቆይ። ይሰማችኋል? ከጥዶቹ ወዲያ። አዎ፣ ያ ፓምፕ ነው።

ዋይሎን፣ አንገትህን አትድፋ። አንተ እዚህ ቆመሃል፤ ሌላ ሰው ነው ያስነሳው። ነፋሱም ወደኛ ነው። ዛሬ ግን ማንም አልደወለልንም። የምትደውልልን እዚህ ሳጥን ውስጥ ናት።

ሕፃናት የያዛችሁ፣ ደረታችሁን የሚያማችሁ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቡ። ብትኖር ይሄንኑ ነበር የምትላችሁ፤ ማንም አይታዘባችሁም። የቀረነው እንቆማለን። ፓስተር፣ እባክዎ ጸሎቱን አያሳጥሩብን። መዘምራን፣ እስከ መጨረሻው አንቀጽ። ሳጥኑን የያዛችሁ ልጆች፣ ቀስ። በጣም ቀስ።

ቬርዴል፣ እህቴ፣ ያን ቀን ትተነው ስለሄድን ኤሊስን ይቅርታ ጠይቂልን። አንቺን አላጣደፍንሽም። ደህና ሁኚ። ዛሬ ልብስ አናስገባም።