የማርጅ ጠረጴዛ

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ

የምስክር ስም፦ ቨርነን ኦስትቦ
ዕድሜ፦ 71
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ ቀድሞ የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ሞንታና፣ ከካርቨር ክሪክ ከተማ በስተሰሜን 6 ማይል
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ማክሰኞ፣ አፕሪል 3 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 3:20 ሰዓት፣ የሸሪፍ ጽሕፈት ቤት
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሸሪፍ ሌስ ካንትሬል

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ፣ ስለ ልጅ ልጄ ስለ ኦፓል መመረዝ የማውቀውን እንደሚከተለው አስረዳለሁ። ኦፓል የአሥራ አራት ወር ሕፃን ስትሆን እናቷ ልጄ ኬልሲ ናት። ሁለቱም ከጃንዋሪ ጀምሮ የሚኖሩት እኔ ቤት ነው። ማርች 19 ቀን፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሕፃኗ በማዕድ ቤቴ ወለል ላይ ዓይኗ ተገልብጦ ተንቀጠቀጠች። ሆስፒታል ወስደናት ደሟ ሲመረመር የእርሳስ ማዕድን መጠኑ ሃምሳ ስምንት ሆነ። ሐኪሟ ከአምስት ማለፍ እንዳልነበረበት ነገረችን።

ከዚያ የሕፃናት ደኅንነት ሠራተኞች ኦፓልን ከእናቷ ነጥለው ለሌላ ቤተሰብ በአደራ ሰጧት። ምክንያታቸው ኬልሲ ቀድሞ የተከራየችው አሮጌ ቤት ቀለሙ እርሳስ ያለበት መሆኑና፣ አከራይዋ በደብዳቤ አስጠንቅቋት ዝም ማለቷ ነው። የፊታችን ሐሙስ ዳኛ ፊት ትቀርባለች። ካልተከላከለች ልጇን ታጣለች። ጥፋቱ ግን የእሷ ሳይሆን የእኔ ነው።

ሟች ባለቤቴ ማርጅ ከአባቷ የወረሰችው የሜፕል እንጨት የምግብ ጠረጴዛ ነበራት። በ2006 ካረፈች በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ መብላት አቃተኝ። ስለዚህ ጠረጴዛውን ወደ ጋራዥ አውጥቼ እርሳስ እያቀለጥኩ የጥይት አረር የምሠራበት የሥራ ባንኮ አደረግኩት። በእኛ አገር አዳኝ አረሩን ራሱ አቅልጦ መሥራቱ ብርቅ አይደለም። እግሮቹን በወፍራም እንጨት አጠናከርኩ፣ ጫፉ ላይ ዕቃ ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ በብሎን አሰርኩ፣ ከኋላው መደርደሪያ ሠራሁ፣ ከበላዩ ጢስ የሚስብ ማራገቢያ ሰቀልኩ። እንደሱ ንቅንቅ የማይል ባንኮ በወረዳው አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ ነው፣ እንዳልኩት ይጻፍ። ለአሥራ ሁለት ዓመት አቀለጥኩበት።

የእርሳስ ትቢያ መርዝ መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ጋራዡ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም “እዚህ የገባ ዕቃ ወደ ማዕድ ቤት አይመለስም” ብዬ በገዛ እጄ ጽፌአለሁ። በአዳኞች ማኅበራችን ጀማሪዎችን ለሃያ ዓመት ሳስተምር የመጀመሪያው ትምህርቴ ይኸው ነበር። አንዱ ተማሪዬ የቀለጠ እርሳስ የጨለፈበትን ማንኪያ አጥቦ ወደ ቤቱ ሊወስድ ሲል ነጥቄው በመዶሻ ጠፍጥፌበታለሁ። ያ ሰው አሁን ቃሌን የሚጽፈው ምክትል ካንትሬል ነው።

ኬልሲ ሥራዋን አጥታ ሕፃኗን ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ጠረጴዛው ነው። “አባዬ፣ የእማዬ ጠረጴዛ የት ገባ? ኦፓል እኔ ባደግኩበት ላይ ብትበላ ደስ ይለኝ ነበር” አለችኝ። ከዚህ የበለጠ አልለመነችኝም። እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔና ልጄ እምብዛም አንነጋገርም ነበርና ቃሏን ሰምቼ ማደር አልቻልኩም። ለማቅለጫው አዲስ የብረት ባንኮ በየድኩ።

ፌብሩዋሪ 3 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ጎረቤቴ ዶይል ፕሩይት አግዞኝ ጠረጴዛውን ወደ ማዕድ ቤት አስገባነው። ዶይል እንደ ልማዱ አፉ አያርፍም፤ “ቨርን፣ ማርጅ ጠረጴዛዋን ምን እንዳደረግከው ብታይ ከእርሳሱ በፊት አንተን ነበር የምታቀልጥህ” አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ኬልሲ ሕፃኗን ይዛ ከተማ ሄዳ ነበር። ውጭው በረዶ ስለነበር እዚያው ማዕድ ቤት ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ቤቱ በአቧራ ነጣ፤ በመጥረጊያ ጠረግኩት። ቫርኒሽ ሕፃን ብትልሰው ይጎዳታል ብዬ ሠግቼ በምግብ ዘይት ወለወልኩት። ኬልሲ ስትመለስ አይታው አለቀሰች፤ አንገቴን አቀፈችኝ። ከእናቷ ቀብር ወዲህ አቅፋኝ አታውቅም። ደስ አለኝ። እሱም ይጻፍ።

ኦፓል ጥርስ እያወጣች ስለነበር ጠረጴዛውን ይዛ እየቆመች ጠርዙን ትግጥ ነበር። እናቷ ልትከለክላት ስትል “ተያት፣ አንቺም ግጠሽዋል” ያልኳት እኔ ነኝ። ፌብሩዋሪ ማለቂያ ላይ ሕፃኗ ምግብ እምቢ አለች፣ ሆዷ ደረቀ፣ “ባባ” ማለቷን ተወች። የጥርስ ነው ብለን ዝም አልን።

ማርች 21 ቀን የሕፃናት ደኅንነት መርማሪዎች ቤቴን ሊያዩ መጡ። ጋራዥ ወስጄ አዲሱን ባንኮና የግድግዳውን ጽሑፍ አሳየኋቸው፤ ጥንቃቄዬን አመሰገኑ። ማዕድ ቤት ገብተው ስለ ውኃው ጠየቁኝና ሪፖርታቸውን በዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ጻፉ።

ትናንት ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ኬልሲ የፍርድ ቤቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። “አባዬ፣ ምናልባት እውነታቸውን ነው። ደብዳቤውን አይቼ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ” አለችኝ። አልሞተችም አልኳት። ቡና ደፍታ ስለነበር ልጠርግላት ስል፣ ከጠርዙ ሥር እጄን የቆረቆረ ነገር ነካሁ። ተንበርክኬ በባትሪ አየሁ። በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል የእርሳስ ጠብታ ደርቃለች። ከበላይዋ ጠርዙ ላይ አራት የሕፃን ጥርስ ምልክት አለ። ማንኪያውን፣ ድስቱን፣ ጓንቱን ሁሉ ዕቃ ብዬ ለይቻለሁ። ይኼኛው ግን የማርጅ ጠረጴዛ ነበር፤ ዕቃ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛውን ፒካፕ ላይ ስጭን ኬልሲ በር ላይ ቆማ የት እንደምወስደው ጠየቀችኝ። ላስጠግነው ነው ብዬ ዋሸኋት። አሁን በግቢያችሁ በሸራ ተጠቅልሎ ይገኛል። በኤግዚቢትነት ተይዞ እንዲመረመር፣ የማዕድ ቤቴም ወለል እንዲታይ፣ ይህ ቃሌም ከሐሙስ በፊት ዳኛው ዘንድ እንዲደርስ እጠይቃለሁ። ኦፓል ወደ እናቷ ስትመለስ ጠረጴዛው በዚያ ቤት እንዳይኖር። እኔም አልኑር ከተባለ ቤቱን ለቅቄላቸው እወጣለሁ።

ቃሌ ሲነበብልኝ ምክትል ካንትሬል “ሳላውቅ ጉዳት አደረስኩ” ብሎ መጻፉን ሰማሁ። “ሌስ፣ ‘ሳላውቅ’ የሚለውን ሰርዘው” አልኩት። ጠረጴዛን እንደ ማንኪያ የሚያስብ ሰው እንደሌለ፣ ‘ሳላውቅ’ የሚለው ቢሰረዝ የሚጎዳው እኔን እንደሆነ ነገረኝ። “ማንኪያህን ስጠፈጥፍብህ አውቅ ነበር፤ ሰርዘው” አልኩት።

ቃሉ በእኔ ጠያቂነት ተሰርዟል፤ ከስርዙ አጠገብ ፈርሜአለሁ። የቀረው ሁሉ እኔ እንደተናገርኩት የተጻፈ እውነት መሆኑን፣ ማንም እንዳላስገደደኝና እንዳልመከረኝ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ቨርነን ኦስትቦ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ሌስ ካንትሬል
ስርዝ፦ አንድ ቃል። ቨ.ኦ.