መርዶ በር ላይ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ካራቆሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አባት አጠገባቸው ላለችው ሴት ስለ ልጃቸው ያወራሉ።

«ሕክምና ልትማር የትምህርቱን ፈተና አልፋ ነበር። ጠባይ የሚመዝኑት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጋ ስትቀርብ ግን ጣሏት።»

«ምን ብለው ጠየቋት?»

«‹በሽተኛው ሞቷል፤ እናቱ በር ላይ ቆማ ልጄ እንዴት ነው ብትልሽ ምን ትያለሽ?›»

«ምን አለች?»

«‹ትንሽ ደከም ብሏል እላታለሁ፤ ከዚያ ዘመድ አስጠርቼ፣ ሰብሰብ ብለን እናረዳታለን።›»

«ታዲያ ምን አጠፋች?»

«‹እውነት ትደብቃለች› አሏት። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገር ብዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ወደ እሳቸው ዞር አለች።

«የኔን ልጅ በር ላይ ነው የነገሩኝ፣ ጋሼ። ብቻዬን ቆሜ።»

መውረጃዬ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።