ባለቤቴ «ቱ ሰም ኤክስተንት» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ሐረጊቱ ወንዴ
ዕድሜ፦ 71 (በመታወቂያው መሠረት፤ ምስክሯ «እሱ በግምት የተጻፈ ነው» ብለዋል)
አድራሻ፦ አሽዶድ፣ ሮቫ ቴት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ 27/11/2025፣ ከሰዓት በኋላ
ቃሉን በአማርኛ የተቀበለው፦ መርማሪ አዲኤል
ጉዳዩ፦ ያለፈቃድ ሰው ቤት መግባት
ተጠርጣሪ፦ አቶ መንበሩ፣ የምስክሯ ባለቤት

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ወደዚህ የመጣሁት ማንም ሳያስገድደኝ በራሴ እግር ነው። ባለቤቴ ሌባ አለመሆኑን ለማስረዳት ነው የመጣሁት። ፖሊሱን ግራ ያጋባው የእንግሊዝኛ ቃልም ምን ማለት እንደሆነ እኔ እናገራለሁ። እንግሊዝኛ አልችልም፤ ያቺን ቃል ግን አውቃታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ እንደበላን ባለቤቴን ሳሎን ተቀምጦ ትቼው ለሰንበታችን ለሻባት ዶሮ ልገዛ ወጣሁ። በሩን አልቆለፍኩም። ቆልፈሽበት ውጪ የሚሉኝ አሉ። ሰው ነው እንጂ በግ ነው እንዴ? ስመለስ ጫማውም ባርኔጣውም የሉም። የዶሮውን ፌስታል እንዳንጠለጠልኩ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ምኩራቡ ፈለግሁት፤ ያየው ሰው የለም። በዚህ መሃል ልጄ ዮኬቤድ ደወለችና «እማዬ፣ አትደንግጪ፤ አባዬ ማሽታራ ነው» አለችኝ። ፖሊስ ጣቢያ ማለቷ ነው። አትደንግጪ ስትለኝ ነው የደነገጥኩት።

የተያዘበት ቤት ሮቫ ዩድ ቤት በሚባለው ሰፈር የሚገኝ ሲሆን ወደ ሮቫ ቴት ከመዛወራችን በፊት ለብዙ ዓመታት በኪራይ የኖርንበት ነው። ልጆቻችን ሁሉ ያደጉት እዚያ ነው። በበሩ መቃን ላይ ያለውን ሜዙዛ፣ የኦሪቱ ቃል የተጠቀለለበትን ትንሽ ማኅደር፣ በሚስማር የመታው እሱ በገዛ እጁ ነው። አሁን የሚኖሩበት ወ/ሮ ሾሻና የተባሉ ሴት ናቸው። ከእሳቸው እንደሰማሁት በሩን ገርበብ አድርገው ጎረቤት ዘንድ ወጥተው ኖሯል። ሲመለሱ ባለቤቴን ሶፋው ላይ ተቀምጦ ልብሳቸውን ሲያጥፍ አገኙት። ከውጭ ከተሰጣበት ያስገባው እሱ ነው። እኛም ቤት እንዲሁ ነው፤ ከባሕሩ በኩል ደመና ካየ ከእኔ ቀድሞ ልብሱን ይሰበስባል። የውስጥ ልብሳቸውን ሳይቀር አስተካክሎ አጥፎታል አሉ። ይህን ስሰማ አፈርኩ፣ ደግሞም ሳቄ መጣ። ሴትዮዋ ሲጮሁ «አይዞሽ፣ አልረጠበም» ብሎ አጽናናቸው፤ በአማርኛ ስለነበር አልገባቸውም።

ከዚያ የተጠራው ፖሊስ በዕብራይስጥ «ይህ ቤትህ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ባለቤቴም «ቱ ሰም ኤክስተንት» ብሎ መለሰ። ፖሊሱ ደግሞ ከቤቱ ድርሻ አለኝ ብሏል ብሎ ጻፈ። ወይ ጉድ! ሾሻና የገዛሁትን ቤት ሊካፈለኝ ነው ብለው ደንግጠው ለጠበቃ ደወሉ። እኛ ተከራይ ነበርን። በዚያ ቤት የአንዲት ሸክላ ድርሻ የለንም።

ቃሏን ያመጣችብን የዮኬቤድ ልጅ ኦዴል ናት። አምና ለባግሩት፣ ለሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና፣ እኛ ዘንድ እንግሊዝኛ ስታጠና ደጋግማ ትላት ነበር። ባለቤቴ «ይህች ነገር ምንድን ናት?» አላት። ልጅቱ በዕብራይስጥ ነገረችው፣ እሱ ደግሞ በአማርኛ ምን እንደምትባል እኔን ጠየቀኝ። «በመጠኑ» አልኩት። «በመጠኑማ ለጨው ነው» አለ። «እንግዲያው በከፊል ትሁን» ስለው፣ «እሱ የሬዲዮ አማርኛ ነው» ብሎ ናቀብኝ። በኋላ ራሱ ፈታት፤ «እውነት ነው፣ ግን እስከ ጫፉ አይደለም ማለት ነው» አለ። ኦዴልም አያቷን «ሳባ፣ አንተ ነህ መፈተን ያለብህ» ብላ ሳመችው።

ከዚያ ወዲያ ቃሏ ከአፉ አልወጣችም። ወጡ ጣፈጠህ? ቱ ሰም ኤክስተንት። ጉልበትህ ተሻለህ? ቱ ሰም ኤክስተንት። አንድ ቀን «አንተ ሰውዬ፣ ለመሆኑ ትወደኛለህ?» ስለው እንዲሁ አለኝ፤ በነጠላዬ ጫፍ ሾጥ አደረግሁት። በዚህ ዕድሜያችን እንደ ልጅ ስንሳሳቅ ጎረቤት ይሰማን ነበር።

እያደር ግን ነገሩ ተለወጠ። አንዳንድ ነገር መርሳት ሲጀምር ያሳየሁት ሐኪም «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ሲለው ባለቤቴ «ቱ ሰም ኤክስተንት» አለ። ሐኪሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ባለቤቴ ሲቀልድ ግራ ዓይኑ ይጠብባል፤ ያን ቀን አልጠበበም። የማያስታውሰውን ሲጠይቁት የሚሸሸግባት ቃል እንደሆነች ያኔ ገባኝ። የቃሏን ምስጢር ለማንም አልተናገርኩም። ያ ኩሩ ሰው በሰው ፊት እንዲያፍር አልፈለግሁም።

ስለዚህ ለፖሊሱ የሰጠው መልስ ሹፈትም የንብረት ጥያቄም አይደለም። ሜዙዛው የእሱ ነው፣ መስኮቱም የሚያውቀው መስኮት ነው። ሶፋው ግን የሰው ነው፣ እኔም እዚያ የለሁም። ቤቱ ነው፣ እስከ ጫፉ ግን አይደለም። እውነቱን ነው የመለሰው።

ይህንኑ እዚሁ ኮሪደሩ ላይ ለሾሻና ነገርኳቸው፤ ዮኬቤድ አስተረጎመችልኝ። «ሜዙዛውን የመታው እሱ ነው?» ብለው ጠየቁ። ነው አልኩ። «ክሱን ትቻለሁ፤ ደግሞ ሲመጣ በሩን ያንኳኳ፣ ውኃ አጠጣዋለሁ። ግን የሚቀጥለው ጊዜ እግሩ ወደ ባሕሩ ቢወስደውስ?» አሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ ክፉ ሴት አይደሉም።

ዮኬቤድ ይህን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። «እማዬ፣ አንቺም እኮ ደክመሻል፤ ቤት አቮት እናስገባው» አለችኝ። የሽማግሌዎች ማደሪያ ማለቷ ነው። እዚያ ማን በአማርኛ ያናግረዋል? የተሰጣ ልብስስ ማን ያስነካዋል? «እኔ በቁሜ እያለሁ ከእኔ ተለይቶ አያድርም። ብቻዬን እጠብቀዋለሁ» አልኳት። ይህ ቃሌ እዚህም እንዲጻፍልኝ አድርጌያለሁ።

ከዚህ በኋላ መርማሪው ባለቤቴን ወደ ክፍሉ አስገባና እኔን እያሳየ «አባባ፣ እኒህን ያውቋቸዋል?» ብሎ ጠየቀው። አፈር ስሆን ይህን ባትጠይቀው አልኩ በልቤ። ባለቤቴ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ቱ ሰም ኤክስተንት» አለ። ግራ ዓይኑን አየሁ። ጠቦ ነበር። እዚያው እንባዬ መጣ። «ሐረጊቱ፣ ዶሮው ሊሸት ነው፣ ቤታችን እንሂድ» ብሎ ፌስታሉን ከእጄ ተቀበለኝ።

ከላይ የሰፈረው ቃል በአማርኛ ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ። የተናገርኩት እውነት ነው፣ እስከ ጫፉ። አንድ ቦታ ብቻ እንዲታረምልኝ እጠይቃለሁ። ብቻዬን እጠብቀዋለሁ ካልኩት አጠገብ «ቱ ሰም ኤክስተንት» ተብሎ ይጨመርልኝ። ለልጄ በአፌ ልነግራት አቃተኝ፤ መርማሪው ይህችን ያንብብላት።

የምስክር ፊርማ፦ ሐረጊቱ ወንዴ (የአውራ ጣት አሻራ)
የመርማሪ ፊርማ፦ አዲኤል
ማስታወሻ፦ እርማቱ ምስክሯ እንዳሉት በገጹ ኅዳግ ገብቷል። ለልጃቸው ለዮኬቤድ ተነብቦላታል።