ጥቀርሻ የሌለው ጭስ ማውጫ

— ሄሎ... አዎ፣ ደርሻለሁ። ምግቡም ቀርቦልኛል... የለም፣ እጮኛሽ ገና ነው። ገበያ ወጥቷል አሉኝ... ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? ይሄ የእሱ ምግብ ቤት በምሳ ሰዓት ጫጫታ ነው።

— ጎድኑ? እውነቱን ልንገርሽ፣ እጅ ያስቆረጥማል። በእንጨት ጭስ ቀስ ብሎ የበሰለ ነው፣ አይካድም... የከነከነኝ እሱ አይደለም። ጭስ ማውጫውን አይተሽዋል?... እኔ አየሁት። ጥቀርሻ የሚባል ነገር የለበትም... አትሳቂ እህቴ። ሃያ ስምንት ዓመት እሳት ሳጠፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ምድጃውንም ዳስሼዋለሁ፣ ቀዝቃዛ ነው።

— ማለዳ ነው የሚያበስለው? ታዲያ ሥጋው አሁን ከእሳት እንደወጣ ለምን ያቃጥላል?

(ለአስተናጋጇ) — ይቅርታ፣ እጅ መታጠቢያው በየት በኩል ነው?... አመሰግናለሁ።

— አትዝጊው... ምቀኝነት አይደለም። አባታችን ካለፉ ወዲህ አንቺን ለባል የምድር እኔ ወንድምሽ ነኝ፤ ሳላጣራ እሺ አልልም... ጓሮ ነኝ። አጥሩ ላይ ትንሽ በር አለች፤ ጭሱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ቆይ፣ ሰው አለ።

— እንደምን ዋሉ እማማ?... አይነሱ፣ አይነሱ። ይሄን ሁሉ ሥጋ ብቻዎን ነው የሚያገላብጡት?... የባለቤቱ ምን?

— ሄሎ... አለሁ። እስቲ መጀመሪያ ተቀመጪ... ተቀመጥሽ? እናቱ ናቸው... አዎ፣ የእሱ። ሞተችብኝ ብሎ እንባውን ያፈሰሰልሽ... አልተሳሳትኩም፤ ቁርጥ እሱን ነው የሚመስሉት። እንግዳ ሲኖር አትውጪ ብሎኛል ነው የሚሉት... እኔ እንጃ። ልብሳቸው ጥላሸት፣ እጃቸው የቃጠሎ ጠባሳ ብቻ ነው። አፍሮባቸው ይሆናል።

— መጣ። እጮኛሽ መጣ... በሩ ላይ ደርቆ ቀርቷል፤ የያዘው ዘምቢል ከእጁ ወደቀ። ከእሱ ጋር ላገናኝሽ?... ከማን ጋር? ከእሳቸው?... እሺ።

— እማማ፣ ልጅዎ ሊያገባት ያሰባት ሴት ናት፤ ታነጋግርዎ... እጅዎን መጥረጉን ተዉት፣ ስልኩን እኔ ጆሮዎ ላይ እይዝልዎታለሁ።

...

— ሄሎ... ሰማሻቸው? ምሳ በልተሽ እንደሆነ ነው የጠየቁሽ... እየመጣሽ ነው? በይ ነይ። እሱን ምንም አልለውም፤ አንቺው ጠይቂው... የት ይሄዳል? መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እሳቱን ይቆሰቁሳል። አንዴም ቀና ብሎ አላየንም... እሺ። ቻው።