መሃሉ የቀዘቀዘ ሳህን

ሊፍቱ ባይበላሽ ኖሮ ጎረቤቴን፣ ልብስ ሰፊዋን እትዬን፣ ደረጃው ላይ አላገኛቸውም ነበር። ከባድ ዘንቢላቸውን ተቀብዬ እስከ በራቸው አደረስኩላቸው። «ምሳ ሳይቀምሱማ አይሄዱም፣ መምህር» ብለው አስገቡኝ። ዕድሜዬን በማስተማር ብፈጅም የምሳ ግብዣ እምቢ ማለትን ግን አልተማርኩም።

ባለቤታቸው የሆድ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ገና አላገገሙም፤ ከስፌት መኪናው አጠገብ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ነርስ የሆነችው የእትዬ እህት ልጅም ልትጠይቃቸው መጥታለች። እትዬ ከትናንት የተረፈውን ሩዝና ዶሮ ከፍሪጅ አወጡ። ለሚወዱት ሰው ቆልሎ ማቅረብ ልማዳቸው ነውና ለሕመምተኛው ሳህኑ ላይ ቆልለው ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተቱት። ማሽኑ ሲጮህ አወጡና ጠርዙን በጣታቸው ነካ አደረጉ። አቃጠላቸው፤ ሞቋል ማለት ነው።

ነርሷ ማንኪያ አንስታ ጠጋ አለች።

«አክስቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ላማስለው። ይሄ እንደ ምድጃ አይደለም። ዳር ዳሩን አቃጥሎ መሃሉን እንደነበረ ሊተወው ይችላል።»

«በኔ ቤት የተማሰለ ሳህን ለሰው አይቀርብም። ትራፊ ይመስላል። ባሌን ትራፊ ላብላው?»

«ትራፊማ ነው፣ አክስቴ። የትናንት ነው።»

ነገሩ እዚህ ላይ ከረረ። እትዬ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉ። ነርሷም ድምጿን ሳታነሳ አስረዳች፤ ምግቡ ሳይቆለል ተዘርግቶ ይከደናል፣ የማሞቂያው ሰዓት ሲጋመስ ወጥቶ ይማሰላል፣ ከወጣም በኋላ ሙቀቱ እንዲዳረስ ትንሽ ይቆያል፣ የሚፈተነውም መሃሉ ነው፤ እንፋሎት ከሌለው ይመለሳል። እትዬ ይህን ሁሉ የሰሙት እኔን እያዩ ነበር። እንግዳ ፊት መታረም አንገብግቧቸዋል።

ሕመምተኛው ሽማግሌ ነገሩን ለማብረድ ሳህኑን ሳቡ። የሷ እጅ ሠርቶት የማይጣፍጥ የለም አሉና አንድ ፍሬ ሳያስቀሩ በሉ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ያናድደኛል።

በማግሥቱ ሆስፒታል ገቡ። የምግብ መመረዝ ነው ተባለ፤ የደከመው ሰውነታቸው አልቻለውም። እትዬ አልጋው ጫፍ ተቀምጠው ሲጠይቋቸው እኔም ነበርኩ።

«ቀዝቅዞ ነበር እንዴ?»

«መሃሉ በረዶ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰው ፊት?» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ወዲያ ብዙም ሳይናገሩ ሞቱ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እትዬ ሩዝ አሞቁልኝ። ሳህኑ ላይ ስስ አድርገው ዘረጉት፣ ከደኑት፣ ሰዓቱ ሲጋመስ አውጥተው አማሰሉት፣ መልሰው ከተቱት። ሲወጣም ሳይነኩት ቆዩ።

«ልጅቱ እውነቷን ነበር» አሉኝ። «ሲማሰል ቀዝቃዛው ከትኩሱ ይገናኛል። ሲከደን አይደርቅም። ሲቆይ ሙቀቱ ይዳረሳል። ሆድም አይታመምም፣ አፍም አይቃጠልም። ጥቅሙን አሁን አንድ ባንድ አውቀዋለሁ፤ የማበላው ሰው ነው የጠፋኝ።»

ማንኪያውን ሰጥተውኝ ከፊቴ ቆሙ።

«ከመሃል ይጀምሩ፣ መምህር። ከቀዘቀዘ ይንገሩኝ። በይሉኝታ የሚበላ ሰው ከእንግዲህ በዚህ ቤት አይኑር።»

ከመሃል ጎረስኩና ትኩስ ነው አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ማንኪያውን ተቀብለው ከሳህኔ ራሳቸው ቀመሱ።