ሜዳ ላይ የተሞከረው ቱርቦ

ሚኒባሳችን በጎች ሊያሳልፍ አቀበቱ መሐል ቆመና መነሣት አቃተው።

«ጋሼ፣ ነዳጅ ስሰጠው ዝም ይላል፤ ሜዳ ላይ እኮ ጥይት ነው!» አለ ሹፌሩ አጠገቡ ለተቀመጡት መካኒክ።

«የገጠምኩልህ ትልቁ ቱርቦ ነው። ሞተሩ በደንብ ካልዞረ አየር አይነፋለትም፤ ከቆመበት ሽቅብ መነሻ ጉልበት የለውም።»

«አቀበት ላይ አልሞከሩትም?»

«ሜዳ ላይ ነው የሞከርኩት።»

«ሞተሩ ጠፋ! እሱ ሲጠፋ ፍሬኑም ደነደነ፤ ወደ ኋላ እየሄደ ነው!»

«በሁለት እግርህ ርገጠው! ኧረ አንዳችሁ ወርዳችሁ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ!»

አንዱ ተሳፋሪ ዘሎ ወርዶ ያስገባው ድንጋይ ያዘው።

«እንዲህ የቀየሩለት ሌላ መኪና አለ?» አለ ሹፌሩ።

«አንድ፣ ጣራው ላይ ቀይ ሸራ ያለው። ጧት ከማርቆስ የደምበጫ ገበያተኛ ጭኖ ወጥቷል።»

ጧት እናቴን ባለ ቀይ ሸራው ላይ መርጬ ያሳፈርኳት እኔ ነበርኩና፣ ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ደወልኩላት።